የሻለቃው መዝገብና የአምባሰል ዜማ

በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ዘልቆ የተዋጋው የእንግሊዝ ጦር ወደ መጣበት ሲመለስ ለወታደሮቹ የብር ሜዳሊያ ተሰጣቸው። በፊት ለፊቱ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ውስጥ ተቀምጧል። በጀርባው፣ በቅጠል ጉንጉን መካከል፣ የባለሜዳሊያው ስምና የክፍሉ መጠሪያ ከብሩ ላይ ወጣ ብሎ ተቀርጿል። በዚያ ዘመን የወታደር ስም ቢጻፍ በሜዳሊያው ጠርዝ ላይ በትንሹ ይጫር ነበር እንጂ እንዲህ መሐል አይገባም። የዚህኛው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለተሠራ ወጪው ከበድ ያለ ሆነ። ከህንድ ለመጡት ወታደሮች የብዙዎቹ ስም በጉልህ ሳይሆን ተወግቶ ነው የተጻፈው፤ የእንግሊዞቹ ግን ኮሎኔሉም ተራ ወታደሩም ስማቸውን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል አገኙ።

በዚያው ዘመቻ፣ በመቅደላ ዙሪያ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ ወገን አሮጌ በሚባለው ሜዳ በተደረገው ውጊያ ብቻ ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ 1,200 ያህል ቆሰሉ። ከእነዚህ መካከል የስንቱን ስም እናውቃለን? ፊታውራሪ ገብርዬን እናውቃለን። ከሦስት ቀን በኋላ በአምባው በር ላይ የወደቁትን ራስ እንግዳን እናውቃለን። ከዚያ ጥቂት ስሞች ጨምረን ዝርዝሩ ያልቅብናል።

በጀግንነት ሁለቱን ወገን ማበላለጥ የሚችል የለም፤ ጠመንጃ በሚያዘንበው መስመር ላይ በጦርና በጋሻ የሮጠ ሰው ከማንም አያንስም። ልዩነቱን ያመጣው የተራውን ወታደር ስም የሚይዝ ተቋም በአንዱ ወገን መኖሩ፣ በሌላው አለመኖሩ ነው። ሻለቃ የሚባለው አደረጃጀት ከመዋጊያነቱ ሌላ የማስታወሻ ተቋም ነው። የስም መዝገብ አለው፣ ሰንደቅ አለው፣ ቤተ መዘክር አለው፣ የተዋጋበትን ቀን በየዓመቱ የሚቆጥርበት ልማድ አለው። የዚህን ተቋም ታሪክ ከሐይቅና ከአምባሰል ሆኖ መመልከት ይቻላል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ነው። ከአምባሰል ተራሮች ወደ ምዕራብ ደግሞ የደላንታ ሜዳ፣ የበሽሎ ገደልና መቅደላ ይቀጥላሉ። የእንግሊዝ እግረኛ ሻለቃ በወሎ ምድር የተዋጋው እዚያ ነው።

መቅደላን ሰብሮ የገባው 33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነበር። ሬጅመንት ይባል እንጂ በሰው ብዛት አንድ ሻለቃ ነው። የተመሠረተው በ1702 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኋላ በዋተርሎ ናፖሊዮንን ድል ያደረገው የዌሊንግተን መስፍን በወጣትነቱ አዛዡ ነበር። መስፍኑ ከሞተ በኋላ በ1853 እ.ኤ.አ. ንግሥቲቱ ስሙን ለክፍሉ ሰጠች። መሠረቱ በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር፣ በሃሊፋክስ አካባቢ ነው። መልማዮቹ የአጃ ቂጣ በጎራዴ ጫፍ ሰክተው በየገበያው እየዞሩ የተራበውን ወጣት ይጠሩ ነበር ይባላል፤ ለክፍሉ የወጣለት የቁልምጫ ስምም ከዚያ ቂጣ የመጣ ነው። ለመቅደላ ዘመቻ ከህንድ ሲነሣ ግን በውስጡ ብዙ አየርላንዳውያን ነበሩበት። አየርላንድ ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በታላቅ ረሃብ የተመታች አገር ናት። ረሃብ ሰውን ከቀዬው ነቅሎ የት ድረስ እንደሚወስደው ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

የዘመቻው ምክንያት በሰፊው የታወቀ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስል ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። ጄኔራል ናፒዬር ከህንድ 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ በዙላ ወደብ ወረደ። በትግራይና በአሸንጌ በኩል አድርጎ ደላንታ ደረሰ፤ በሽሎን ተሻገረ።

ሚያዝያ 3 ዕለተ ስቅለት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ሰዎቻቸውን እየመሩ ከፋላ ተራራ ቁልቁል ወደ አሮጌ ወረዱ። ከፊታቸው የቆመው 4ኛው ሬጅመንት የያዘው አዲሱን፣ ከበስተኋላ የሚጎርሰውን፣ በአገራችን ኋላ ስናድር ተብሎ የታወቀውን ጠመንጃ ነበር። ይህ መሣሪያ በጦር ሜዳ ሲተኮስ ያ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ገብርዬ ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ያህል ሰው ቆሰለ፤ ከእነዚህ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ 700 ሰው በአንድ ወገን፣ ሁለት ሰው በሌላው ወገን መሞቱን ማንበብ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ ተራው የ33ኛው ሆነ። ቆቀት በር ላይ ሲደርሱ በሩን የሚያፈርሱት መሐንዲሶች ባሩዱንም መሰላሉንም ሳይዙ መምጣታቸው ታወቀ። ማይክል ማግነር የሚባል ከበሮ መቺና ጄምስ በርጊን የሚባል ተራ ወታደር በግድግዳውና በእሾህ አጥሩ ላይ እየተደጋገፉ ወጡ፤ ሌላው ተከተላቸው። ሁለቱም የአገራቸውን ትልቁን የጀግና ኒሻን፣ የቪክቶሪያ መስቀልን፣ ተሸለሙ። ሁለቱም አየርላንዳውያን ነበሩ። በርጊን በ1880 እ.ኤ.አ. በህንድ ፑና፣ ማግነር በ1897 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ሜልበርን እንደሞቱ ዛሬ ማንም ሊያገኘው ይችላል። ከእነሱ ፊት፣ በዚያው በር ውስጠኛ በኩል ሆነው የሞቱት እነማን እንደነበሩ፣ የማን ልጆች እንደነበሩ፣ ከየት እንደመጡ ግን አናውቅም። አፄ ቴዎድሮስ በዚያች ሰዓት በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ፤ ሽጉጡ ራሱ የንግሥቲቱ ስጦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሻለቃዎቹ በሰንደቃቸው ላይ አልጻፉትም። አምባው ተዘረፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእሳት ተቃጠለ። ከጎንደርና ከሌላውም አገር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ መስቀሎችና አልባሳት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ። እዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተካሄደ፤ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዝቶ ሄደ። የአምባሰል ሰው ተራራው ላይ ቢቆም ሰፈሩ የሚታይበት ርቀት ላይ፣ በእርሱ አገር አየር ውስጥ፣ የአገሩ መጽሐፍ በሐራጅ ተሸጠ።

ሻለቃው ግን ወታደሮቹን አልረሳም። በመቅደላ ዘመቻ የተካፈሉት ሬጅመንቶች «አቢሲኒያ» የሚለውን ቃል በሰንደቃቸው ላይ እንዲጽፉ ተፈቀደላቸው። በ1881 እ.ኤ.አ. 33ኛው ከ76ኛው ጋር ተጣምሮ የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት ሲባል ያ ቃል አብሮ ተሻገረ። በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ዮርክሻየር ሬጅመንት ሲዋሃድም ቅርሱ ተላለፈ። የድሮው ክፍል ቤተ መዘክር ሃሊፋክስ በሚገኘው ባንክፊልድ ሙዚየም ውስጥ አለ። የ4ኛውም ላንካስተር ከተማ ውስጥ የራሱ አለው። ክፍሉ ሲፈርስም ሲዋሃድም መዝገቡ አይቃጠልም፤ ተረካቢ ይኖረዋል። የተቋሙ ጥበብ ይህ ነው። የሞተውን ወታደር ለማስታወስ የልጁን፣ የሚስቱን ወይም የአዝማሪን ዕድሜ አይጠብቅም።

ነገር ግን የዚህ ዓይነት ተቋም የሚያስታውሰው የራሱን ብቻ ነው። ከአሮጌ ውጊያ አንድ ቀን በፊት፣ አፄ ቴዎድሮስ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞችን በእስላምጌ ገደል አስወርውረው ነበር። ከእነዚያ ብዙዎቹ የወሎ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስማቸውን ግን የእንግሊዝም የእኛም መዝገብ አልያዘም። ደግሞ መቅደላን በክብር ሙሉ በሙሉ የምናነሣ ከሆነ የወርቂቱን ነገርም መናገር አለብን። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ወይዘሮ ወርቂቱ በደረሱ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው የነበረውን የወርቂቱን ልጅ አመዴን ከሌሎች ጋር በገደል ገደሉት። በወሎ የቴዎድሮስ ስም ሁለት ትዝታ ይዞ የሚኖረው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ሳይሸፋፍን የሚይዝ ሰው ነው የመቅደላን ሙታን ማስታወስ የሚችል፤ ገብርዬም አመዴም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

እኛስ ሰዎቻችንን የምናስታውስበት ተቋም አልነበረንም? ነበረን፤ የተለየ ዓይነት ነው። የድሮው የኢትዮጵያ ጦር በጌታው ስም ይጠራል። ወታደሩ የእገሌ ጭፍራ ነው፤ ጌታው በፈረስ ስሙ ይፎከርለታል፤ ድሉም ሽንፈቱም በዚያ ስም ይመዘገባል። በአፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም አባ ታጠቅ ሲባል ከሥሩ ሺህ ሰው አለ፤ የሺውም ሰው ስም በዚያ በአንዱ ውስጥ ይገባል። ዘመቻ ሲያበቃ ጭፍራው ይበተናል። ሲበተን የሚረከበው አዛዥ፣ የሚቀመጥበት ግምጃ ቤት የለውም።

ከወታደሩ ውጭ ስም የሚጽፍ ተቋም ግን ሐይቅ ላይ አለ፤ በአገራችን ካሉት ሁሉ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የትምህርት ማዕከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በገዳሙ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል ከ1280 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሆነ ሲሆን፣ አባታችን ለገዳሙ የሰጡት መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። በአገራችን ወንጌል የሚነበብበት ብቻ አይደለም። በኅዳጉና በባዶ ገጹ ላይ ርስት የሰጠው፣ መጽሐፍ ያስጻፈው፣ ስሙ በጸሎት እንዲነሣ የለመነው ሰው ሁሉ ይሰፍርበታል። ከ700 ዓመት በፊት ሐይቅ ዳር ሆኖ ስም የሚጽፍ ሰው ነበር ማለት ነው። ጽሕፈት አጥተን አልኖርንም። ያጣነው ተራውን ዘማች ወደዚያ ገጽ የሚያስገባ ልማድ ነው። ንጉሡና አበምኔቱ ይጻፋሉ፤ ጋሻ ጃግሬው አይጻፍም።

ለእርሱ የቀረለት ተዝካርና ሙሾ ነው። ክርስቲያኑ አርባውን፣ ሙት ዓመቱን ያወጣል፤ ሙስሊሙ ሰደቃ ያበላል፣ ዱዓ ያስደርጋል። በወሎ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ ለአንዱ ዘማች አክስቱ ሰደቃ፣ ወንድሙ ተዝካር የሚያወጣበት ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ዜማው አለ። ከአራቱ ዋና ዋና የአገራችን ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአንቺሆዬና ከአምባሰል፣ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል ብዙ ጊዜ የታሪክና የጀግና ነገር የሚነገርበት ቅኝት ሆኖ ቆይቷል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል የሰማ ሰው ይህ ዜማ ሐዘንንና ኩራትን በአንድ እስትንፋስ እንዴት እንደሚያወጣ ያውቃል። አዝማሪ ግን የሚያነሣው የሚያውቀውን፣ የሚሸልመውን ወይም ስሙ ከቤት የሚገባለትን ነው። ከአንድ ጭፍራ አንድ ስም ያነሣል፤ ለቀረው በጅምላ ያዝናል። ዜማው የልብ ነገር ስለሆነ እጅግ እወደዋለሁ፤ መዝገብን ግን ሊተካ አይችልም።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት እንደገና በወሎ ምድር አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴን የጦር ማዘዣ አደረጉ፤ በኅዳር የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ዘማቹ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በወልዲያ አድርጎ ወደ ማይጨው ወጣ፤ መጋቢት 22 ቀን ከተዋጋ በኋላ የተረፈው ቁልቁል ተመለሰ። ከዚያ ዘማች ውስጥ ስንቱ ከአምባሰል እንደወጣና ስንቱ እንዳልተመለሰ የሚያውቁት እናቶች ነበሩ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ብርጌድ በእንግሊዝ ጦር ሥር ሆኖ ኮምቦልቻን ሰብሮ ደሴን ያዘና በዚያው አውራ ጎዳና፣ በሐይቅና በውጫሌ፣ ወደ አምባ አላጌ ገሰገሰ። በአላጌ ዙሪያ አርበኞቻችንም ነበሩ። ኢጣሊያዊው የአኦስታ መስፍን በግንቦት እጁን ሰጠ።

በዚያ ዘመቻ የሞቱት የእንግሊዝ መንግሥት ወታደሮች መቃብር አዲስ አበባ ጉለሌ አለ። የሚጠብቀው በ1917 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል በፋቢያን ዌር አማካይነት የተቋቋመው የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። የተቋሙ ደንብ አስገራሚ ነው። ጄኔራልም ተራ ወታደርም አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ ያገኛል። ስሙ፣ ክፍሉ፣ የሞተበት ቀን ይቀረጽለታል። ያልተገኘው ሰው ስሙ በግድግዳ ላይ ይጻፋል። ሃሳቡ ከዚያ ከመቅደላ ሜዳሊያ ጋር የሚዘመድ ይመስለኛል። ሆኖም ይህም ተቋም እኩልነቱን እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። ኮሚሽኑ በ2021 እ.ኤ.አ. ራሱ ባወጣው ዘገባ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት መካከል ቢያንስ 116,000 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ህንዳውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ በስማቸው ወይም ጭራሹን እንዳልታሰቡ አመነ፤ ይቅርታም ጠየቀ። በምሥራቅ አፍሪካ ጭነት ተሸክመው የሞቱት በጅምላ ሐውልት ታለፉ። እንግዲህ ስም መጻፍ የሚችል ተቋም የሚጽፈውን ይመርጣል፤ ያልተመረጠው ወገን ማንን እንደሚመስል አፍሪካዊ አንባቢ ይገነዘበዋል።

ኢትዮጵያዊ ሻለቃ ወታደሮቹን በስም አስመዝግቦ፣ ሙታኑን በስም አስቀብሮ የተገኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከክቡር ዘበኛ የተመለመለው ቃኘው ሻለቃ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሰንደቁን ተቀብሎ በባቡር ጅቡቲ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ሄዶ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፑሳን ደረሰ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። እዚህ ላይ ሁለቱ ልማዶች ተገናኙ። ከላይ እንደ ጥንቱ የፈረስ ስም አለ፤ ከሥሩ ደግሞ እያንዳንዱ ወታደር በመለያ ቁጥር፣ በስም፣ በአባት ስም ሰፍሯል።

የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቃኘው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ መሩ። ሻለቃዎቹ በየተራ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ሆነው ተዋጉ። በአምባው አገር ያደገ ሰው ብርድ ያውቃል፤ የኮሪያ ክረምት ግን ሌላ ነው። ኮረብታ ለኮረብታ፣ ምሽግ ለምሽግ የሚደረገው ውጊያ ለእነዚህ ልጆች አዲስ አልሆነም። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ፖርክ ቾፕ በሚባለው ኮረብታ አካባቢ ያሉትን ጠባብ ምሽጎች በሌሊት ከመጣባቸው ብዙ ጦር ተከላከሉ። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ.ኤል.ኤ. ማርሻል ስለዚያ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ለእነሱ ልዩ ቦታ ሰጥቷቸዋል።

ተኩስ እስከቆመበት ሐምሌ 1945 ድረስ በጦርነቱ የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን 3,518 መሆናቸው ይነገራል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። በጠላት እጅ የተማረከ አንድም የለም፤ የጠፋ፣ ሬሳው ያልተገኘም የለም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ቁስለኛውን ጥሎ አለመሄድ፣ ሬሳውን ተኩስ ውስጥ ገብቶ ማውጣት የሻለቃው ሕግ ሆኖ ነበር። ሰው ሳይቆጠር የማይመለስ ጓድ ስም ያለው ጓድ ነው። በአሮጌ የቀሩት 700ዎቹ በጅምላ በወደቁበት አገር፣ 85 ዓመት ቆይቶ አንድ አካል እንኳ በጠላት ምሽግ ላለመተው የሚሞት ሻለቃ ተፈጠረ። ሙታኑ መጀመሪያ በፑሳን በተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አረፉ፤ በኋላ አፅማቸው ወደ አገር ተመልሶ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ቃኘዎች በዶንግዱቾን ከደመወዛቸው እያዋጡ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ልጆች ማሳደጊያ ማቋቋማቸውንም መጨመር ይገባል፤ ይህ በየትኛውም ሰንደቅ ላይ ከሚጻፍ የውጊያ ስም አይተናነስም።

እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ተቋም ግን በገዛ አገሩ ተረካቢ አጣ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ክቡር ዘበኛ ስለተሳተፈበት የሻለቃው እናት ክፍል ከሞገስ ወረደ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ሆነ። ከኮሚኒስቶች ጋር የተዋጋ ሰው ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀ መንግሥት ዘንድ የሚያስመካ አልነበረም። ዘማቾች ሜዳሊያቸውን ደበቁ፤ ስለ ኮሪያ ማውራት ተዉ፤ ብዙዎች በድህነት አረጁ። መዝገቡ ነበረ፤ ገልጦ የሚያነበው ጠፋ። 33ኛው ሬጅመንት ስሙ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ቅርሱን ይዞ ተሻገረ፤ ቃኘው በአንድ ትውልድ ውስጥ ከትልቅ ክብር ወደ ዝምታ ወረደ። ለዚህ የእንግሊዝን መንግሥት መውቀስ አንችልም፤ የራሳችን ጉድለት ነው።

የጠበቀላቸው የባዕድ አገር ሆነ። በግንቦት 1960 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ በቹንቾን ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች ሐውልት ተተክሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ተገኝተዋል። በ1999 ዓ.ም. አጠገቡ መታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። በፑሳን መካነ መቃብር ባለው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ40,000 በላይ የሆኑ የተባበሩት መንግሥታት ሙታን ስም በየአገራቸው ተጽፏል፤ የእኛዎቹም አሉበት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዘማቾቹ በአገር ቤት በማኅበር ተሰባሰቡ፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ ሐውልት ቆመላቸው፤ በየካ ያለው ኮሪያ ሰፈር ስሙን እንደያዘ ነው። የተረፉት ዛሬ ዘጠና የዘለሉ አረጋውያን ናቸው።

የመቅደላው ነገርም በከፊል እየተመለሰ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎች የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ የሚሠራውን አፍሮሜትን መሠረቱ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከኤዲንብራ አንድ ታቦት ተመለሰ። በ2019 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ፀጉር መለሰ። ይህ ሙዚየም የወታደር ማስታወሻ ተቋም ነው፤ የራሱን ሰው በሚያከብርበት ግምጃ ቤት ውስጥ የሌላውን ሰው አካል ይዞ መቀመጡ የተስተካከለው ከመቅደላ 150 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከዘረፋው የቀረው አብዛኛው ገና አልተመለሰም፤ ጥያቄያችንም መቆም የለበትም።

የስሞቹ ሥራ ግን ከለንደን ፈቃድ የሚጠይቅ አይደለም። ሐይቅና ውጫሌ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደገና ጦርነት አይተዋል፤ በየቤቱ ሐዘኑ ትኩስ ነው። ከዚህ በፊት የሄዱትም፣ ከማይጨው እስከ ኮሪያ፣ ከኮሪያ እስከ ኦጋዴን፣ ቤተሰባቸው ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው እየቀነሰ ነው። በደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በቱሉ አውሊያ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታሪክ ተማሪዎቻቸው በየዓመቱ የመመረቂያ ርዕስ ይፈልጋሉ። በየደብሩ ቄሰ ገበዙ፣ በየመስጊዱ ኢማሙ፣ በየቀበሌው የዕድር ዳኛው ለማን ተዝካር እንደወጣ፣ ለማን ሰደቃ እንደተበላ ያውቃሉ። ከአንድ ወረዳ መጀመር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ዘማች የሚጠየቀው ስም፣ የአባት ስም፣ የወጣበት ጎጥ፣ የዘመተበት ክፍልና የወደቀበት ቦታ ነው። ከየትኛው ወገን ተሰልፎ እንደነበር አይጠየቅም፤ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ከመጻፍ አይከለክለውም። አንድ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ አንድ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ በሐይቅ እስጢፋኖስ ዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ መንግሥት ሲለወጥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። አዝማሪውም ሲዘፍን ከአንድ ስም በላይ የሚያነሣበት ዝርዝር ያገኛል።